ከሰማይ ወደ ሞጆ መሬት፦ ለጀማሪ የፓራሹት ተማሪ የቀረበ ትምህርት

በፓራሹት መዝለልን ሊማር ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው በአውሮፕላኑ በር ላይ በቆመ ጊዜ ልቡ ይከዳው እንደ ሆነ ነው። ጓደኞቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ «አትፈራም ወይ?» ይሉታል። እኛ ግን፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ስለ ፍርሀት የምንጽፈው ጥቂት ብቻ ነው። ፍርሀት ከዝላይ ወደ ዝላይ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል፤ የአየሩ ቅጥነትና የመሬቱ ከፍታ ግን መቶ ጊዜ ቢዘልሉም ለማንም አይራሩም። ስለዚህ ትምህርታችንን ከበሩ ሳይሆን ከመሬቱ እንጀምራለን።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያስገደደን ምክንያት አለ። በየማደሪያው የአየር ስፖርት ማኅበር ይቋቋም የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ከውጭ አገር የተገኙ መመሪያዎችም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። መመሪያዎቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የተጻፉት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ለሚወርድ ሰው ነው። በነሱ ቁጥር ብቻ ተመርቶ በአገራችን ደጋ ወይም ወይና ደጋ ላይ የሚወርድ ተማሪ ድፍረት ሳይጎድለው በሒሳብ ጉድለት ብቻ እግሩን ሊሰብር ይችላል።

ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ቦታ መርጠናል፤ እሱም የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። የመረጥነውም ሰው ይዝለልበት ብለን አይደለም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ እንደምናየው ለመውረድ ከማይመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ነገር ግን በጂቡቲ ወደብ በባሕር ወለል ላይ የተጫነ ኮንቴይነር ሞጆ ላይ የሚራገፈው 1,790 ሜትር ያህል ሽቅብ ከወጣ በኋላ ነው። ለኮንቴይነሩ ይህ ከፍታ ምንም አያደርገውም። በፓራሹት ለሚወርድ ሰው ግን በጂቡቲ ዳርቻና በሞጆ መካከል ያለው ልዩነት በቁርጭምጭሚቱ የሚከፍለው ሒሳብ ነው።

ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ስለ ጥበቡ ታሪክ ጥቂት እንበል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1797 በጥቅምት ወር አንድሬ ዣክ ጋርኔረን የሚባል ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ላይ ከፊኛ ተላቅቆ በጨርቅ ፓራሹት ወረደ። በጨርቁ አናት ላይ ቀዳዳ ስላልነበረው የታመቀው አየር በጎን በጎን እያመለጠ ሰውየውን እንደ ቃጭል ምላስ ያወዛውዘው ነበር፤ የአናት ቀዳዳ የተጨመረው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1919 በሚያዝያ ወር ሌስሊ ኧርቪን የሚባል አሜሪካዊ ከአውሮፕላን ዘልሎ በአየር ላይ ጥቂት ከወደቀ በኋላ ገመዱን በገዛ እጁ ስቦ ፓራሹቱን ከፈተ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሰው እንዲህ ሲወድቅ ራሱን ይስታል፥ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ይሉ ነበርና ሙከራው ትልቅ ክርክር ፈታ። ነገር ግን ኧርቪን መሬት ሲነካ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። ይህን ልብ እንበል፤ ፓራሹቱ በሚገባ ተከፍቶ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁበርት ጁሊያን የሚባለውን የትሪኒዳድ ተወላጅ እናገኛለን። ይህ ሰው በ1923 በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ላይ ዘልሎ ካሰበው ቦታ ሳይደርስ በሕንጻ ጣራ ላይ ያረፈና «የሃርለም ጥቁር ንስር» የሚል ስም የወጣለት ነበር። በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በፓራሹት ወርዶ አሳየ፤ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። ሆኖም በዚያው ዓመት በጥቅምት፥ ለንግሥ በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ትንሽ አውሮፕላን አብርሮ ስለ ሰበራት ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሰውየው ከሰማይ ወርዶ ያገኘውን ክብር ወደ ሰማይ ወጥቶ አጣው ማለት ነው።

ከሱ በኋላ ፓራሹትን በሥርዓት የተማሩት ወታደሮች ናቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት የአየር ወለዱ ጦር ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ በእስራኤላውያን መምህራን ጭምር ሠልጥኗል። የታሪክ ተማሪዎች በመጋቢት 1974 ይኸው ጦር የደብረ ዘይትን የአየር ኃይል ሰፈር መክበቡን ያስታውሱ ይሆናል፤ እሱ ግን ለሌላ ጽሑፍ የሚሆን ነገር ነው። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቢሾፍቱ ለሞጆ ጎረቤት መሆኗና ከሞጆም ጥቂት ከፍ ማለቷ ነው። በዚህ ቀጭን አየር መውረድ እንደሚቻል ከስልሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ታይቷል፤ የተቻለው ግን ብዙ መሬት ላይ ከተለማመዱ በኋላ ነው።

ዛሬ ጀማሪ የሚማርባቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው መንገድ ተማሪው ከመምህሩ ደረት ጋራ በማሰሪያ ተጣምሮ ይዘላል፤ ሥራው ሁሉ የመምህሩ ስለ ሆነ ተማሪው ከመንገደኛ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ለመቅመስ ያህል እንጂ ለመማር በቂ ነው አንለውም። ሁለተኛው ወታደሮች የሚማሩበት የቆየ መንገድ ነው። የፓራሹቱ መክፈቻ ገመድ በአውሮፕላኑ ውስጥ ካለ ብረት ጋራ ይታሰራል፤ ተማሪው ከመሬት 900 ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሲወጣ ገመዱ ተስቦ ፓራሹቱን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይከፍተዋል። ሦስተኛው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተስፋፋው ነው። ተማሪው ከመሬት 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሁለት መምህራን በግራና በቀኝ ልብሱን ይዘው አብረውት ይወድቃሉ፤ ቃል በነፋሱ ስለማይሰማ በጣት ምልክት ያርሙታል። ተማሪው ከፍታውን እየተመለከተ ከመሬት 1,700 ሜትር ያህል ሲቀረው ፓራሹቱን ራሱ ይከፍታል። በየዝላዩ አንድ አንድ ነገር እየተጨመረለት ይሄድና በመጨረሻ ያለ ያዥ ይዘላል።

በአየር ላይ ያለው የሰውነት አያያዝ አንድ ነገር ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እምብርትን ወደ ፊት መግፋት፥ እጅና እግርን ዘርግቶ ወደ ኋላ ማላላት። እንዲህ ሲሆን የሰውነቱ ክብደት ከታች ይሆናል፤ ነፋሱም እጅና እግሩን ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳይገለበጥ በደረቱ እንደ ተኛ ይወርዳል። የሚፈራ ሰው ግን በተፈጥሮው እንደ ሕፃን ይኮማተራል፤ የተኮማተረም ይሽከረከራል። ይህን ለመልመድ አውሮፕላን አያስፈልግም፤ በማደሪያችን አልጋ ላይ በሆድ ተኝቶ በየማታው መለማመድ ይቻላል። ጎረቤት ቢስቅም ይሳቅ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የአደጋ ጊዜ ትምህርት ነው። ተማሪው በጀርባው የሚሸከመው ሁለት ፓራሹት ነው፤ አንደኛው ዋናው፥ ሁለተኛው ተጠባባቂው። ዋናው ተጠላልፎ ቢከፈት በመጀመሪያ እሱን አላቆ መጣል፥ ከዚያ በኋላ ተጠባባቂውን መክፈት ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁለቱ ይጠማዘዛሉ። ይህን ውሳኔ ለማድረግ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሴኮንድ ስለ ሆነ አስቦ መሥራት አይቻልም፤ እጅ አስቀድሞ የለመደውን ብቻ ነው የሚሠራው። አጣጣፉም እንዲሁ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለመቀነት ቢሆንም ለፓራሹት የበለጠ ይሠራል፤ ልዩነቱ መቀነቱ ሲፈታ መታፈር ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነገሩ ሞትን መፈለግ ነው እንዳይል አንድ ቁጥር እንጥቀስ። በ2023 የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር በቆጠረው መሠረት በዚያ አገር 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ሰዎች ነበሩ። ይህ ከመቶ ሺህ ዝላይ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ከቁጥሩ ውስጥ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ በዚህ ስፖርት ከሚደርሰው ከባድ አደጋ ብዙው የሚደርሰው ፓራሹቱ በደኅና ተከፍቶ ሳለ ሰዎች ወደ መሬት በተቃረቡ ጊዜ ነው። በር ላይ ያለው ፍርሀት የተሳሳተ ቦታ የቆመ ዘበኛ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ፓራሹት ሰውን የሚይዘው አየርን በመገፋት ነው። አየሩ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከሰውየውና ከዕቃው ክብደት ጋራ ሲተካከል ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ይህ ኃይል የአየሩን ክብደትና የፍጥነቱን ስኩዌር ተከትሎ ስለሚሄድ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ መጨመር አለበት፤ የሚጨምረውም በአየሩ ክብደት ስኩዌር ሩት ተገላቢጦሽ ነው። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ይህን በአንድ መስመር ሊያወጣው ይችላል።

በባሕር ወለል፥ ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነበት ቀን፥ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሞጆ ከፍታ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፥ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ቢሆን፥ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 0.95 ይወርዳል። አሁን በባሕር ወለል በሴኮንድ 6 ሜትር የሚወርድ አንድ ክብ ፓራሹት እንውሰድ። ይኸው ፓራሹት ያንኑ ሰው ተሸክሞ ሞጆ ላይ በጠዋት ሲወርድ ፍጥነቱ 6.6፥ በቀትር ሲወርድ 6.8 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። «ይህማ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አጥንትን የሚሰብረው ፍጥነቱ ራሱ ሳይሆን የፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በሴኮንድ 6 ሜትር መውረድ ማለት ከ1.8 ሜትር ግንብ ላይ መዝለል ነው፤ 6.8 ማለት ግን ከ2.4 ሜትር ግንብ ላይ መዝለል ነው። የመጀመሪያው ከቁመታችን ብዙ ያልራቀ ነው፤ ሁለተኛው ከኮንቴይነር ጣራ ላይ ለመዝለል ጥቂት የቀረው ነው፤ ኮንቴይነር ቁመቱ 2.6 ሜትር ያህል ነውና። የመሬቱ ምት ከሲሶ ባላነሰ ጨመረ ማለት ባይሆንም ወደዚያ ተጠግቷል።

አራት ማዕዘን ሆኖ እንደ ክንፍ የሚበረው አዲሱ ፓራሹትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እሱ ወደ ፊት ጭምር ስለሚሄድ በዚያው መጠን ይፈጥናል፤ ተማሪው ከመሬት ሊደርስ ሲል ሁለቱን እጀታዎች ወደ ታች ስቦ ያበርደዋል። በባሕር ዳርቻ የለመደ ሰው መሬቱ ከለመደው ፈጥኖ ስለሚመጣበት እጁ ይዘገያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ሰፋ ያለ ፓራሹት መስጠትና በጠዋት ማዘለል። ስፋቱ በሩብ ያህል ቢጨምር የአየሩን ጉድለት ያካክሳል።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የከፍታ መለኪያው ነው። አልቲሜትር የሚባለው መሣሪያ ከፍታን የሚያውቀው በአየሩ ግፊት ነው፤ መሬቱን አያይም። ተማሪው ዜሮ ያደረገበትን ቦታ ብቻ መሬት ነው ብሎ ያምናል። አንድ ሰው መለኪያውን በጂቡቲ ዜሮ አድርጎ ሳይነካው ሞጆ ላይ ቢዘልል፥ «1,700 ሲል እከፍታለሁ» እያለ የሚጠብቀው ቁጥር ከመምጣቱ በፊት መሬት ይደርሳል፤ የሞጆ መሬት በዚያ መለኪያ ላይ 1,790 ነውና። ይህ ከልክ ያለፈ ምሳሌ ነው የሚል ካለ ቅርቡን እንስጠው። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከሞጆ ጋራ ያለው ልዩነት 540 ሜትር ነው። ሞጆ ላይ ዜሮ ያደረገውን መለኪያ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚዘልል ተማሪ 1,700 ባነበበ ጊዜ ከመሬት የሚርቀው 1,160 ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ጀርመናዊው ሄልሙት ክሎት በ1991 ያወጣው ሳይፕረስ የሚባል መሣሪያና መሰሎቹ ተማሪው ራሱን ቢስት እንኳ ከመሬት 225 ሜትር ያህል ሲቀረው ተጠባባቂውን በራሳቸው ይከፍታሉ። ብዙ ነፍስ አድነዋል። ነገር ግን እነሱም መሬታቸውን የሚያውቁት በአየር ግፊት ነው። ሞጆ ላይ ተከፍቶ አዲስ አበባ የተወሰደ መሣሪያ ይከፍትበታል የተባለው ከፍታ ከቦሌ መሬት በታች ሦስት መቶ ሜትር ተቀብሮ ይገኛል። ስለዚህ ሕጉ መሣሪያውን በሚወርዱበት ሜዳ ላይ ቆሞ መክፈት ነው፤ የሚነሡበት ሜዳ ከሚወርዱበት የተለየ እንደ ሆነም ልዩነቱን አስልቶ መሙላት ነው።

አብራሪውም ሌላ ቋንቋ ይናገራል። እሱ ከፍታውን የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው፥ ያውም በጫማ። «አሥር ሺህ ጫማ» ቢል 3,050 ሜትር ያህል ነው፤ ከሱ ላይ የሞጆን 1,790 ስንቀንስ ከእግራችን በታች ያለው 1,260 ሜትር ብቻ ነው። በመጽሐፍ «ከአሥር ሺህ ጫማ ረዘም ያለ ጊዜ ትወድቃለህ» የሚል ያነበበ ተማሪ እዚህ ላይ ለመውደቅ ጊዜ የለውም፤ ወዲያው መክፈት አለበት።

የኦክስጅንም ነገር አለ። በአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ደንብ ከባሕር ወለል 15,000 ጫማ፥ ማለትም 4,570 ሜትር ያህል፥ በላይ የሚወጣ ተማሪ ተጨማሪ ኦክስጅን መተንፈስ አለበት። በባሕር ዳርቻ የሚዘልል ሰው እስከ 4,000 ሜትር ወጥቶ ከዚህ ወሰን በታች ነው። ሞጆ ላይ ግን ከመሬት 4,000 ሜትር መውጣት ማለት ከባሕር ወለል 5,790 ሜትር መውጣት ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ማለት ነው። ያለ ኦክስጅን እንዝለል ካልን ከመሬት የምንርቀው ቢበዛ 2,780 ሜትር ይሆናል። በባሕር ዳርቻ 45 ሴኮንድ ያህል የሚወስደው የመውደቅ ጊዜ በኛ አገር ከ25 ሴኮንድ በታች ይወርዳል። በአንድ ዝላይ የሚሰጠው ትምህርት በግማሽ ስለሚያጥር ተማሪው ብዙ ጊዜ መዝለል ይኖርበታል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ደገኞች ነን፥ ቀጭን አየር ለምደናል ብሎ መኩራራት እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ የአየር እጥረት የሚጀምረው ሰውን በማስታመም ሳይሆን ደስ በማሰኘትና ሁሉ ቀላል መስሎ እንዲታየው በማድረግ ነው።

ስለ መሬቱ አቀማመጥ ለመማር ከጥቂት ጓደኞች ጋራ ወደ ሞጆ ሄደን ከወደቡ ውጭ ባለ ክፍት ሜዳ ላይ ቆመን ነበር። ለጀማሪ የሚፈቀደው መውረጃ ከማናቸውም ዕንቅፋት በዙሪያው 100 ሜትር የራቀ መሆን ስላለበት በእርምጃ መለካት ጀመርን። አንድ አዛውንት ጥበቃ ቀርበው፥ «ልጆቼ፥ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። «ምንም አልጠፋብንም አባባ፥ ሜዳ እየለካን ነው» ብንላቸው፥ «ለቤት ነው?» አሉ። ከሰማይ ለሚወርድ ሰው ነው ብለን ብንነግራቸው ወደ ሐዲዱ በከዘራቸው እያመለከቱ፥ «እሱ ካለበት ማንም አይውረድ» አሉን። የተናገሩት ከማናቸውም መመሪያ የሚበልጥ ነበር። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር ከበላዩ የሚሄደው ሽቦ 25,000 ቮልት የተሸከመ ነው።

የወደቡን ዙሪያ ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው እንመልከተው። ኮንቴይነሮቹ እርስ በርስ ተደራርበው እንደ ግንብ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ማንሻ መኪኖች ይመላለሳሉ። ነፋስ እንዲህ ያለውን ግንብ ሲመታ ከኋላው ይተራመሳል፤ ትርምሱም ከግንቡ ቁመት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይርቃል። አራት ኮንቴይነር ቢደራረብ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ በነፋሱ መውጫ በኩል እስከ 200 ሜትር ድረስ ሜዳው ክፍት ቢመስልም አየሩ ክፍት አይደለም። ከዚህ ሌላ የከባድ መኪና መንገዱ፥ የግራር እሾህ፥ የሞጆ ወንዝ ሸለቆ አሉ። በስተ ደቡብ የቆቃ ሐይቅ አለ፤ ውሃ ላይ የወደቀ ፓራሹት ዋናተኛን እንኳ ይጠመጥማል፥ በቆቃ ደግሞ ጉማሬና አዞ ይጨመራሉ። ደኅናው መሬት የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነው፤ እሱም ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላና ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ።

ነፋሱን የሚንቅ ሰው ካለ ወደ አዳማ ሄዶ ኮረብታዎቹን ይመልከት። በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሱ ተመዝኖ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። በክብ ፓራሹት ለሚወርድ ተማሪ የሚፈቀደው ነፋስ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፥ በክንፍ መሳዩ 22 ኪሎ ሜትር ነው። በተፈቀደው በ16 እንኳ ቢሆን ከ800 ሜትር ላይ በክብ ፓራሹት የሚወርድ ሰው መሬት እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ነፋሱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ሰውየው ከሜዳው በላይ ሳይሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ መምጫ ርቆ መዝለል አለበት ማለት ነው። በበጋ ቀትር ላይ ደግሞ የጋለው መሬት አቧራውን እያሽከረከረ ወደ ላይ የሚወስድ ዐውሎ ያነሣል። እንዲህ ያለው ዐውሎ ፓራሹትን ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ ሊያጥፈው ይችላል። ስለዚህም ደግመን እንላለን፤ በጠዋት።

የመጨረሻው ትምህርት አወዳደቅ ነው፤ ለዚህም ከአንድ ሜትር መድረክና ከአሸዋ በቀር ምንም አያስፈልግም። ሁለቱ እግሮች ተጣብቀው፥ ጉልበት ጥቂት ታጥፎ፥ ዓይን ከእግር በታች ሳይሆን ወደ አድማስ ይመለከታል። ወደ ታች የሚያይ ሰው መሬቱን ለመቀበል አንዱን እግሩን ያስቀድማልና። መሬት በተነካ ጊዜ ሰውነት ቆሞ አይቀበለውም፤ የእግር ፊት፥ ከዚያ የባት ጎን፥ ከዚያ ጭን፥ ከዚያ ዳሌ፥ ከዚያ የጀርባ ጎን ተራ በተራ መሬቱን እየነኩ ይንከባለላል። ምቱ በአንድ አጥንት ላይ በመውደቅ ፈንታ በአምስት ቦታ ይከፋፈላል። ክንዶች ደረት ላይ ይታጠፋሉ፤ ለመደገፍ የተዘረጋ እጅ ይሰበራል። አየር ወለዶች ይህን በቀን ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ ይማሩት ነበር። በ2.4 ሜትር ግንብ ሒሳብ ለሚወርድ የኛ ተማሪ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ብዙ የባሕር ዳርቻ ተማሪዎች ግን በአራት ማዕዘኑ ፓራሹት ለስላሳነት ተማምነው በጥቂት ልምምድ ያልፉታል።

ማኅበር ይቋቋም ለሚሉት ጓደኞቻችን የምንሰጠው ሐሳብ ይህ ነው። ያለ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና ያለ ብቁ መምህር ማንም ከማናቸውም ነገር ላይ አይዝለል፤ የሞጆ ሰማይ ለቦሌም ለቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሰፈርም ቅርብ መሆኑ አይረሳ። ነገር ግን ፈቃድ እስኪገኝ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያሠራ ትምህርት መሬት ላይ አለ፤ አወዳደቅ፥ አጣጣፍ፥ የነፋስ ልኬት፥ የከፍታ ሒሳብ። የስፖርት ክፍሉ አሸዋና መድረክ ቢሰጥ ይበቃል። ከመካከላችን በውጭ አገር የሚማር ቢኖር ደግሞ ከመምህሩ ጋራ ስለ ባሕር ወለል ሳይሆን ስለ ሸዋ ሜዳ እንዲነጋገር እንለምነዋለን።

ለመልመጃ ሁለት ጥያቄ እንተዋለን። አንደኛ፥ የከፍታ መለኪያውን ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር በሆነችው በድሬዳዋ ዜሮ አድርጎ ሞጆ ላይ የዘለለ ተማሪ መለኪያው 1,700 ባነበበ ጊዜ ከመሬት ስንት ሜትር ይርቃል? ሁለተኛ፥ በባሕር ወለል በሴኮንድ 6 ሜትር የሚወርድ ፓራሹት አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.85 ኪሎ ግራም በሚመዝንበት ደጋ ላይ በስንት ፍጥነት ይወርዳል? ከስንት ሜትር ግንብ ላይ እንደ መዝለልስ ይቆጠራል? የሠራችሁ መልሳችሁን ከነአሠራሩ በወረቀት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ አቅርቡ።